ስለ ሙሉ ቍጥሮች ጠባይና ስለ አባቶቻችን ሒሳብ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር ስንሰናዳ ከሁሉ አስቀድመን የሠራነው ሥራ ዓመት መቍጠር ነው። ቍጥር ባይኖር በዓሉም ባልተከበረ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን የሚያህል ጥቅም ያለውን ትምህርት ብዙዎቻችን እንፈራዋለን። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከእኛ መካከል ብዙዎቹ በሒሳብ ፈተና ወደቁና እርስ በርሳችን ስንጽናና «ሒሳብ የፈረንጅ ዕውቀት ነው፤ ለእኛ አልተሰጠም» ተባባልን። ይህን የሰሙት መምህራችን አልተቈጡም፤ ነገር ግን በሰሌዳው ላይ 11 እና 19 የሚሉ ሁለት ቍጥሮች ጽፈው «እነዚህን በአገራችሁ ፈልጓቸው» ብለውን ወጡ። እኛም ከቤት፣ ከገበያና ከአዛውንቶች ጠይቀን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ሙሉ ቍጥሮች የሚባሉት ከ0 ጀምረው 1፣ 2፣ 3 እያሉ ያለ ፍጻሜ የሚሄዱት፣ ክፍልፋይ የሌለባቸው ቍጥሮች ናቸው። በገለምሶ የምንማር ልጆች በቤታችን አንዳንዶቻችን በኦሮምኛ፣ አንዳንዶቻችን በአማርኛ እንቈጥራለን። በኦሮምኛ «ኩዸ ቶኮ» የሚባለው በአማርኛ «ዐሥራ አንድ» ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ዐሥሩን አስቀድመው አንዱን ያስከትላሉ። ቃሉ ይለያያል እንጂ ቍጥሩ አንድ ነው።

ወደ ገበያም ስንወርድ ያው ነው። በቡና ንግድ የታወቀው ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 17 ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቍጥር ስለሌለ ብቸኛ ቍጥር ይባላል፤ ስለዚህም አንድ ፈረሱላ ቡና ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች በሙሉ ኪሎ እኩል ሊታደል አይችልም። ስምንት ፈረሱላ ስንት ኪሎ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን እርሳስ አያስፈልግም፤ 17 ሲታጠፍ 34፣ እንደ ገና ሲታጠፍ 68፣ በሦስተኛው 136 ይሆናል። 8 ማለት 2 በ2 ተባዝቶ እንደ ገና በ2 የተባዛ ስለ ሆነ፣ በአንድ ጊዜ ብናባዛም ደረጃ በደረጃ ብናጥፍም ውጤቱ አይለወጥም።

አሁን ደግሞ ወደ ታሪኩ እንለፍ። የግዕዝ አኃዞች ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት በነገሠው በንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይገኛሉ። ከ፩ እስከ ፲፣ ከዚያም ለየዐሥሩ እስከ ፻፣ በመጨረሻም ለዐሥር ሺህ ፼ የተለየ ምልክት አላቸው። 208 በግዕዝ ፪፻፰ ተብሎ ይጻፋል፤ መቶ ራሱን የቻለ ምልክት ስላለው የባዶውን ቦታ የሚጠብቅ አኃዝ አላስፈለገም። ዛሬ በምንጠቀምበት አጻጻፍ ግን ከመካከል ያለው 0 ቢረሳ 208 ወደ 28 ይወርዳል።

የዜሮን ሕግ ጽፎ የተወው የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 ዓመተ ልደት (በአውሮፓ አቈጣጠር) ነው። የሕንድን አቈጣጠር በዘጠነኛው መቶ ዓመት የባግዳዱ ሊቅ አል ኸዋሪዝሚ በዐረብኛ ገለጸው፤ ኢጣልያዊው ፊቦናቺም በ1202 ለአውሮፓ በሰፊው አስተዋወቀው። ዜሮ የሚለው ስም የመጣው «ባዶ» ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ሲፍር» ነው። እንግዲህ ፈረንጅም ራሱ ተማሪ ነበረ።

በግዕዝ አኃዝ ዜሮ አለመኖሩ አባቶቻችን ባዶን አያውቁም ነበር ማለት ነውን? መልሱን ያገኘነው በባሕረ ሐሳብ ነው። ይህ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ሒሳብ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በነበረው በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በድሜጥሮስ እንደ ተዘጋጀ ይነገራል። ሥራው በአብዛኛው ማካፈልና ቀሪን መያዝ ነው። ለምሳሌ 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ 1 ቢቀር ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ ስለ ሆነ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። ከ7518 ጋር ሲደመር 9397 ይሆናል፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ ነውና የ2018 መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ዋለ።

ከዚህ በኋላ መምህራችን የጻፉልንን ቍጥሮች አገኘናቸው። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነታቸው 11 ነው። 11 ከ30 ሲቀነስ 19 ይቀራል። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ተቀንሶ 12 ይሆናል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 12 አበቅቴ ነው። እንደ ገናም በ19 ተባዝቶ 228፣ ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ሆኑ። ይህ የአንድ ዓመት ዕድል አይደለም፤ ሁልጊዜም 30 ነው። ምክንያቱን ያገኘነው በመማሪያ መጽሐፋችን ነው፦ 12 በ11 ተባዝቶ፣ 12 በ19 ተባዝቶ፣ ሁለቱ ቢደመሩ፣ 12 በ30 እንደ ተባዛ ያህል ነው። በፈተናው የተሳሳትነውም ይህንኑ ሕግ ነበረ።

ወንበሩ ባዶ በሚሆንበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2006 ዓ.ም.፣ ባዶው በ11 ቢባዛ ያው ባዶ ነው። ሊቃውንቱም አበቅቴውን «አልቦ» ይሉታል፤ የለም ማለት ነው፤ መጥቅዑም 30 ይሆናል። ምልክቱ ባይኖራቸውም ስሙና ጠባዩ ነበራቸው ማለት ነው።

ከመካከላችን እስላሞች የሆኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ሌላ ነገር አመጡልን። በሠንጠረዥ በሚሰላው የሒጅራ አቈጣጠር 30 ዓመት አንድ ዙር ነው፤ ከእነዚህም 11ዱ ባለ 355 ቀን፣ 19ኙ ባለ 354 ቀን ናቸው። ምክንያቱ ከባሕረ ሐሳቡ የተለየ ነው፤ እዚያ የቀን ልዩነት፣ እዚህ የዓመታት ብዛት ይቈጠራል። ነገር ግን ሁለቱም ሊቃውንት አንዲቱን ጨረቃ ተመልክተው፣ በሙሉ ቍጥርና በቀሪ አስልተዋታል። በአንድ ወንበር ጐን ለጐን የምንቀመጥ ልጆች ይህን ባወቅን ጊዜ እጅግ ደስ አለን።

እንግዲህ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ይህን ስለ ጻፍን ሁላችን የሒሳብ ዐዋቂዎች ሆነናል ማለታችን አይደለም፤ ገና የምንሳሳተው ብዙ ነው። ነገር ግን «ለእኛ አልተሰጠም» የሚለውን ቃል ከአፋችን አውጥተን ጥለነዋል። እናንተም ማባዛት ሲያስቸግራችሁ ቡና የሚመዝነውን አጎታችሁን፣ በዓል የሚያወጣውን መሪጌታ፣ የረመዳንን መግቢያ የሚጠባበቁትን ሼህ ጠይቁ፤ ከዚያም ወደ ደብተራችሁ ተመለሱ።