በብርሃን የሚጠነክር የጥርስ ሙሌት ታሪክ፦ ከኒሯቅ ሆኖ ሲታይ

በአበርገሌ፣ በኒሯቅና በአካባቢዋ ቤት ያስመረገ ሰው የጭቃን ጠባይ አሳምሮ ያውቃል። በጭድ ታሽቶ ሰንብቶ የተመረገ ግድግዳ በጥላ ቀስ እያለ ሲደርቅ ከድንጋዩ ጋር እንደ ተያያዘ ይቀራል። በቀትር ፀሐይ ባንድ ጊዜ የደረቀው ግን ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃል፤ ውሎ አድሮም ከድንጋዩ ይላቀቃል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ምርግን ሳይሆን የጥርስ ሙሌትን ነው፤ ነገር ግን የጥርስ ሐኪሞች ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ከመራጊው ጥያቄ እምብዛም አይርቅም።

ከኮምፖዚት በፊት የተቦረቦረ የመንጋጋ ጥርስ የሚሞላው በአማልጋም፣ ማለትም ብርና ቆርቆሮ የመሳሰሉ ማዕድናት ከሜርኩሪ ጋር ተዋሕደው በሚሠሩት ሙሌት ነበር። አማልጋም ጥቁር ነው፤ ከጥርስም ጋር አይጣበቅም። ሆኖም አንድ የማይናቅ ጠባይ አለው፤ እያደር ሲዝግ ዝገቱ ራሱ በሙሌቱና በጥርሱ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ለመጠንከርም ብርሃን አይሻም። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቡኦኖኮር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ ማሻከር ሙጫ እንዲጣበቅበት እንደሚያደርግ አሳየ። በ1962 ደግሞ ራፋኤል ቦወን ቢስ ጂኤምኤ በተባለው ሙጫና በደቀቀ የመስተዋት ዱቄት የተሠራውን ሙሌት የፈጠራ ባለመብትነት አስመዘገበ። ዛሬ ኮምፖዚት የምንለው የዚያ ዝርያ ነው።

ቀለሙ ጥርስን ይመስላል፤ ከጥርስም ጋር ይያያዛል። ጉድለቱ ግን ከተፈጥሮው የመነጨ ነው። ሙጫው የሚጠነክረው ትናንሽ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ በመሆኑ፣ ሲያያዙም ስለሚቀራረቡ፣ ሙሌቱ ከይዘቱ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ያህል ይኮማተራል። ይህ መጠን ለሰሚው ኢምንት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ኩምትሩ ሙሌቱን ከጥርሱ ግድግዳ በጠጉር ስፋት ያህል እንኳ ቢያላቅቀው፣ ምራቅና ባክቴሪያ የሚገቡበት በር ተከፈተ ማለት ነው። ሕመምተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ጥርሱን ይጠዘጥዘዋል፤ ዳር ዳሩ ይጠቁራል፤ ከሥሩም አዲስ መበስበስ ይጀምራል። ከላይ ሲያዩት ሙሌቱ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኮምፖዚቶች ሁለት ልቁጦች ተደባልቀው በራሳቸው የሚጠነክሩ ነበሩ፤ ሐኪሙ ሠርቶ ሳይጨርስ በእጁ ላይ ይደርቁበት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሙ ሲፈልግ ብቻ የሚያጠነክረው በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚሠራ ሙሌት ወጣ። ጨረሩ ግን ለዓይን የሚያሰጋ ከመሆኑም በላይ ወደ ውስጥ ዘልቆ የመግባት ኃይሉ ደካማ ነበር። መፍትሔው የተገኘው በማንቸስተር ነው። በፌብሩዋሪ 1976 መሐመድ ባሲዩኒ በዚያው ከተማ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት በሚታይ ብርሃን የሚጠነክረውን የመጀመሪያውን ሙሌት ሠራ። ጥርሱም የጆን ያርን ነበር፤ ያርን ሙሌቱን ባበጀው አይ.ሲ.አይ. በተባለው የኬሚካል ኩባንያ የቁሳቁስ ልማት ኃላፊ ነበሩ። የፈለሰፉትን ነገር በገዛ ጥርሳቸው የሚሞክሩ ሰዎች ዛሬ ብዙ አይደሉም!

ከዚያ ወዲህ ሙሌቱን የሚቀሰቅሰው ካምፎርኪኖን የተባለ ቅመም ሆነ። ይህም ይበልጥ የሚቀበለው 468 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሰማያዊውን ብርሃን የሚሰጠው የሃሎጅን አምፑል ሲሆን፣ ሐኪሙ ሙሌቱን በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት እየደራረበ እያንዳንዱን ንጣፍ 40 ሰከንድ ያህል ያበራበታል። አራትና አምስት ንጣፍ ላለው ጥርስ ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ በ1990ዎቹ ችኰላ መጣ፤ በ3 ሰከንድ ንጣፉን እናጠነክራለን የሚሉ የፕላዝማ መብራቶችና የአርጎን ሌዘር ለገበያ ቀረቡ።

የመራጊው ጥያቄ የተነሣውም በዚሁ ነው። ዴቪድሰን፣ ደ ጌ እና ፌይልዘር የተባሉት የአምስተርዳም ሊቃውንት በ1984 የሙሌቱ ኩምትር ከማጣበቂያው ኃይል ጋር እሽቅድድም እንደሚገጥም አሳይተው ነበር። በ1987 ደግሞ የጉድጓዱ ቅርጽ ወሳኝ መሆኑን ገለጹ፤ አምስት ግድግዳ ይዞት አንድ ፊቱ ብቻ ነጻ የሆነ ሙሌት የሚላላበት ስለሌለው ግድግዳውን ይጎትታል። ከዚህም ተነሥተው፣ ደካማ በሆነ ብርሃን ጀምሮ ወደ ብርቱው ማለፍ ሙሌቱ ገና ለስላሳ ሳለ ኩምትሩን እንዲያስተናግድ ይረዳል የሚል አሳብ ቀረበ። በላቦራቶሪ የተነቀሉ ጥርሶች በቀለም ተነክረው፣ ለሁለት ተሰንጥቀው ሲታዩ በብዙዎቹ ሙከራዎች ክፍተቱ ቀንሶ ተገኘ።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ማድበስበስ አይገባም። በሕያው አፍ ውስጥ ለዓመታት የተከታተሉት ጥናቶች በዝግታም ሆነ በአንድ ጊዜ በጠነከሩት ሙሌቶች መካከል ግልጽ ልዩነት አላገኙም። እንዲያውም አንዳንዱ ዝግታ ኩምትሩን የቀነሰው ሙሌቱን በሚገባ ሳያጠነክር በመቅረቱ ነበር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በክርክሩ የተዘነጋው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ብርሃኑ በዝግታ ከመጣና በፍጥነት ከመጣ ይልቅ የሚያሳስበው የጉድጓዱ ወለል በቂውን መጠን ማግኘቱ ነው። በቂውን ያላገኘ ሙሌት ላዩ ድንጋይ፣ ታቹ ሊጥ ይሆናል፤ ሊጥ ደግሞ ምንም አያሽግም።

የኒሯቅ ነገር የሚገባውም በዚህ በኩል ነው። የሃሎጅን መብራት የሚያምረው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሲጸና ነው፤ ቮልቴጁ ጥቂት ሲወርድ ብርሃኑ ብዙ ይወርዳል፤ አምፑሉም ሲያረጅ ዓይን ሳያስታውቅ ይደክማል። በጄኔሬተር በሚሠራ አንድ የገጠር ክሊኒክ ይህ ጸሐፊ ራሱ የሠራው ሙሌት በወሩ ተላቅቆ መጥቶለታል፤ ሰማያዊው ብርሃን በሥራው ሰዓት ደምቆ ይታይ እንደ ነበር ዛሬም ያስታውሳል። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ ጦርነቱ ዋግን ባመሰበት ወቅት የአበርገሌ ሕዝብ ተፈናቅሎ፣ የኤሌክትሪክ መሥመርም ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ አይዘነጋውም። ሙሌቱ የተላቀቀበት ገበሬ ፍየሉን ጥሎ እስከ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መውጣት አለበት፤ ያ ካልተቻለው ጥርሱ ይነቀላል።

የኤሌክትሪኩን ችግር ካቃለሉት ሁለት ነገሮች አንደኛው የመጣው ከጃፓን ነው። ሹጂ ናካሙራ በ1993 ብሩህ ሰማያዊ ዳዮድ ሠራ፤ በ2014 ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በ1995 የብሪስቶሉ ሮቢን ሚልስ ይህ ብርሃን ሙሌት ሊያጠነክር እንደሚችል አመለከተ። ከ2000 ገደማ ጀምሮ በገበያ የዋሉት የመጀመሪያዎቹ የዳዮድ መብራቶች ደካሞች ነበሩ፤ የኋለኞቹ ግን ሃሎጅኑን ቀድመውታል። በባትሪ ስለሚሠሩ የመሥመሩ መዋዠቅ አይነካቸውም፤ ፀሐይም ቢሆን ትሞላቸዋለች።

ሁለተኛው ጭራሹን ብርሃን አይፈልግም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው ዘዴ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ፣ ከጥርስ ጋር በራሱ በሚጣበቀው ግላስ አዮኖመር ይሞላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1994 ደግፎታል። ለአንድ ፊት ጉድጓድ መልካም ነው፤ ሁለት ፊት ለተበላ መንጋጋ ግን ብዙ አይበረክትም። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አማልጋም እየቀነሰ እንዲሄድ ስለሚጠይቅ፣ ለዚያ ዓይነቱ ጥርስ ኮምፖዚት ከነብርሃኑ ኒሯቅ መድረሱ አይቀርም። ሲደርስ ከመብራቱ ጋር አብሮ መላክ ያለበት የብርሃኑን ኃይል የሚለካው ትንሹ መሣሪያ ነው፤ በዕቃ ግዢ ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው።