ኦቲዝም ያለባቸው ገጸ ባሕርያት በልጆችና በወጣቶች ልብ ወለድ

ሐኪሙ ሊዮ ካነር በባልቲሞር የመረመራቸውን የ11 ልጆች ጠባይ ዘርዝሮ ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ሁኔታ አድርጎ የገለጸው በ1943 ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ መንስዔው ሥነ ሕይወታዊ መሆኑን ቢያስረዳም፣ በ1967 ብሩኖ ቤተልሃይም ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋቱን በወላጆች፣ ይልቁንም በእናቶች ላይ ጣለ። በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል የልጁ የራሱ ድምፅ አልተሰማም።

ልብ ወለድም በመጀመሪያ የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነበር። አሜሪካዊቱ ደራሲ አን ማርቲን በ1984 ባወጣችው «ኢንሳይድ አውት» ኦቲዝም ያለበት ሕፃን የሚታየው በታላቅ ወንድሙ ዓይን ነው። ይህችው ደራሲ በ1990 የሣለቻት ሱዛን ደግሞ ፒያኖ ትጫወታለች፤ ቀንና ዓመተ ምሕረት ሲነግሯት ዕለቱን ታውቃለች፤ ከሰው ጋር ግን አትጨዋወትም። «ሬይን ማን» የተሰኘው ፊልም ከታየበት ከ1988 ወዲህ እንዲህ ያለው አስደናቂ ተሰጥዖ የኦቲዝም መለያ መስሎ ቢታይም፣ በእውነቱ የሚገኘው በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ማርክ ሃደን በ2003 ትረካውን ለ15 ዓመቱ ለክሪስቶፈር ሰጠ። የጎረቤት ውሻ እንዴት እንደ ሞተ ሲመረምር የገዛ አባቱን ውሸት የሚገልጠው ይህ ልጅ፣ ግራ የተጋባው የዐዋቂዎቹ ዓለም መሆኑን ለአንባቢ ያሳያል። ሆኖም ብዙዎች ልብ ወለዱን እንደ ሕክምና መጽሐፍ ቈጠሩት፤ ደራሲው ግን ኋላ የኦቲዝም ዐዋቂ አለመሆኑን በይፋ ተናግሯል።

በ2020 ኤል መክኒኮል «ኤ ካይንድ ኦፍ ስፓርክ»ን ስታሳትም፣ ኦቲዝምን የምታውቀው ከራሷ ሕይወት ነበር። የስኮትላንድ ገጠር ልጅ የሆነችው አዲ፣ ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው ለተገደሉ ሴቶች መታሰቢያ እንዲቆም ትታገላለች፤ ከሌላው ተለይቶ መታየት ምን ያህል እንደሚያስቀጣ ታውቃለችና። ታላቅ እኅቷም ኦቲዝም ያለባት ስትሆን፣ የሁለቱ ጠባይ ግን አንድ አይደለም።

የታሪኩ ፍሬ ነገር ከዚህ ላይ ነው። በመደርደሪያው ላይ አንድ መጽሐፍ ብቻ ሲኖር፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ የሁሉ ምሳሌ ይሆናል፤ ወጣቱ አንባቢም የክፍል ጓደኛውን በዚያ ይመዝነዋል። ስለሆነም መጻሕፍትን ለልጆች የሚመርጥ ባለሙያ፣ ስለ እነርሱ ከተጻፉት ጎን እነርሱ ራሳቸው የጻፏቸውን፣ ያውም አንድ ሳይሆን የተለያዩትን፣ ሊያኖር ይገባዋል።