የሐሳብ ፈር ቀዳጅነት

ምንጭ፦ «ቶውት ሊደርሺፕ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ።

ፍቺ፦ ሰው ወይም ተቋም በሚያውቀው መስክ በማስረጃ የተደገፈ አዲስ ሐሳብ አቅርቦ የሌሎችን አስተሳሰብና አሠራር ሲለውጥ።

ሐረጉ የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካዊው ሰባኪ ሄንሪ ዋርድ ቢቸር ተጠርቶበታል። በንግዱ ዓለም የተስፋፋው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በጋዜጠኛው ጆኤል ከርትዝማን አማካይነት ነው። ዛሬ አማካሪ ድርጅቱም ሶፍትዌር ሻጩም ስለ ነገው ሥራ ጥናት እያወጣ ማዕረጉን ይሻል።

ቃል በቃል «የሐሳብ መሪነት» ቢባል ሹመት ይመስላል። «ሐሳብ አፍላቂነት»ም ጎደሎ ነው፤ ማፍለቅ ብቻውን ተከታይ አያስገኝም። «ፈር ቀዳጅ» ግን ከእርሻ የመጣ ቃል ነው። አራሹ መጀመሪያ የሚያወጣው ፈር ለሚቀጥለው መስመር ይሆናል። ፈር ቀዳጅን የሚሾመው የለም፤ ማዕረጉን የሚያገኘው በፈሩ የሚከተል ሲኖር ነው።

ለምሳሌ የስታንፎርዱን ኢኮኖሚስት ኒኮላስ ብሉምን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር ሲትሪፕ በተባለ የቻይና የጉዞ ኩባንያ ሙከራ ጀመረ። ፈቃደኛ የሆኑ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች በልደት ቀናቸው ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ለዘጠኝ ወር፣ በሳምንት አራት ቀን ከቤት ሠሩ፤ የቀሩት ከቢሮ አልወጡም። ከቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨመረ፤ ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ። ጥናቱ የማይመቸውንም አልሸሸገም፦ ከቤት የሠሩት እኩል ውጤት እያላቸው የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው አንሷል፤ ሙከራው ሲያበቃ ደግሞ ግማሽ ያህሉ፣ በተለይ ብቸኝነቱ ከብዷቸው፣ ወደ ቢሮ መመለስን መርጠዋል።

በዚያው ኩባንያ በ1,612 ሠራተኞች ላይ የተደረገው ሌላ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ወጣ። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት የሚለቁትን በሲሶ ቀንሷል። ሥራ አስኪያጆቹ መጀመሪያ ምርታማነት ይወርዳል ብለው ገምተው ነበር፤ ሲያበቃ ግምታቸው ተገለበጠ። ፈር የተቀደደው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ጥናት እንዲህ አያርስም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 በ11 አገሮች 20,000 ሰዎችን ጠይቆ፣ 87 በመቶ ሠራተኞች «ውጤታማ ነን» ሲሉ፣ 85 በመቶ አለቆች ግን ይህን ለማመን እንደተቸገሩ አስነብቧል። ቁጥሩ የሚያነጋግር ነው፤ የሚያሳየው ግን ሰዎቹ ያሉትን እንጂ የሠሩትን አይደለም። ጠያቂውም ለሥራ ቦታ ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ መሆኑን አንባቢ ልብ ማለት አለበት።

የአማርኛው ቃል ሌላም ጥቅም አለው፤ ተቃራኒውን ይዞ መጥቷል። ጥናቱ ለገበያ ሲባል የማይመቸውን ውጤት ከደበቀ «ፈሩን ለቀቀ» እንላለን።

አጠቃቀም፦ «ድርጅቱ ከቤት ስለ መሥራት ብዙ ጽፏል፤ የሐሳብ ፈር ቀዳጅ ለመባል ግን የራሱን ሠራተኞች ውሎ አጥንቶ ማሳየት ይቀረዋል።»