የዶሮ ጠብ ያስቀረው ቫን

አሜሪካ ውስጥ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ወይም አንድ አበባ ሻጭ አዲስ ትንሽ የጭነት ቫን ልግዛ ቢል ዛሬ የሚገዛው የለም። ያገለገለ ይፈልጋል፣ ወይም ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ የሆነውን ይገዛል። በፓሪስ፣ በሚላንና በኢስታንቡል ግን ይኸው ዓይነት መኪና እንደ አሸን የፈላ ነው፤ ዳቦ የሚያመላልሰውም፣ መብራት የሚጠግነውም በሬኖ ካንጉ፣ በሲትሮየን በርሊንጎ ወይም በፊያት ዶብሎ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት አሜሪካኖች ትልቅ መኪና ስለሚወዱ የመጣ አድርጎ ይወስደዋል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ከነገሩ ሥር ስልሳ ዓመት ያለፈው የዶሮ ጠብ አለ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ገበሬዎች ዶሮ ማርባትን ወደ ፋብሪካ ሥራ ቀየሩት። ዋጋው ወረደ፤ የቀዘቀዘው ዶሮ በመርከብ እየተጫነ ወደ ምዕራብ ጀርመን ጎረፈ። በአውሮፓ ዶሮ እስከዚያ ድረስ፣ እንደ እኛው ዶሮ ወጥ፣ ከበዓል ጋር የሚታሰብ ምግብ ነበር። የአገሩ አርቢዎች ጮኹ። የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በ1962 ቀረጡን ከፍ ሲያደርገው የአሜሪካ ዶሮ ገበያ ወደቀ። ጉዳዩ ምን ያህል እንደከረረ ለመረዳት የጀርመኑ ቻንስለር ኮንራድ አደናወር ተናገሩት የሚባለውን ማስታወስ ይበቃል። ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር በሁለት ዓመት ውስጥ ከተጻጻፉት ግማሽ ያህሉ ስለ ዶሮ ነበር አሉ። ያኔ እኮ በርሊን በግንብ የተከፈለችበት ዘመን ነው።

ድርድሩ ከሸፈ። ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን የአሜሪካን ኪሳራ 26 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ገመተው። ኬኔዲ በተገደሉ በ12ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1963፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የአጸፋውን አዋጅ ፈረሙ። የተመረጡት ዕቃዎች አራት ነበሩ፦ የድንች ስታርች፣ ለሙጫ መሥሪያ የሚውለው ዴክስትሪን፣ ውድ ብራንዲና የጭነት መኪና። በጭነት መኪናው ላይ የተጣለው ቀረጥ 25 በመቶ ነበር።

ከዶሮ ወደ መኪና መዘለሉ በአጋጣሚ አይደለም። በንግድ ደንቡ መሠረት ቀረጡ በሁሉም አገር ላይ እኩል መጣል ስለነበረበት፣ ጀርመንን ለይቶ የሚያም ዕቃ መፈለግ የግድ ሆነ። ዕቃውም የቮልስዋገን የጭነት ቫንና ፒክአፕ ነበር። የመኪና ሠራተኞች ማኅበር መሪው ዋልተር ሩተር የቮልስዋገን መኪና በብዛት መግባቱ ያሳስባቸው ነበር፤ ጆንሰን ደግሞ ምርጫ ከፊታቸው ነበርና የማኅበሩን ድጋፍ ይፈልጉ ነበር። ዶሮው ሰበብ፣ መኪናው ዋና ጉዳይ ሆነ ማለት ይቻላል። በ1964 ከምዕራብ ጀርመን ወደ አሜሪካ የገባው የጭነት መኪና በዋጋ ሲሰላ ካለፈው ዓመት ወደ ሲሶ ወረደ።

መቀመጫና መስኮት ያለው የቮልስዋገን ሚኒባስ ግን በሕጉ የሰው መኪና ስለነበር ከዚህ ቀረጥ አመለጠ። አሜሪካኖች ዛሬም ቮልስዋገን ቫን ሲባል ሂፒዎችንና አበባ የተሳለበትን ሚኒባስ እንጂ የአናጺ ዕቃ የጫነውን የማያስታውሱት በከፊል ለዚህ ነው። ሰው ወይስ ጭነት የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ለስድስት አሥርት ዓመታት የብዙ ኩባንያዎችን አእምሮ ሲያስጨንቅ ኖሯል። የጃፓኑ ሱባሩ እንኳ በ1970ዎቹ መጨረሻ ብራት በተባለው ፒክአፑ የጭነት ቦታ ላይ ሁለት የፕላስቲክ መቀመጫ ገጥሞ የሰው መኪና ነው ብሎ አስገብቷል።

አጥሩ ከተዘጋ በኋላ ገበያው ለአሜሪካ ኩባንያዎች ቀረ። የፎርድ ኢኮኖላይን ለአሥርተ ዓመታት ነገሠ፤ ከ1992 እስከ 2014 ድረስ ብዙም ባልተለወጠ አካል ተሸጠ። ነዳጅ ይጠጣል፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑም ሠራተኛው ውስጡ ቀጥ ብሎ አይቆምም። በዚያው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ያው ፎርድ ትራንዚት የሚባል ቀለል ያለና ዘመናዊ ቫን ይሸጥ ነበር።

አጥሩን መጀመሪያ የተሻገረው የመርሰዲስ ስፕሪንተር ነው። በ2001 አሜሪካ ሲገባ የተሠራው ጀርመን ነው፣ የተፈታውም ጀርመን ነው። ተሠርቶ ያለቀው ቫን ሞተሩና ካምቢዮው ተነቅሎ ለየብቻ ይጫናል፤ ሳውዝ ካሮላይና ሲደርስ እንደገና ይገጠማል። በወረቀት ላይ የገባው መኪና ሳይሆን የመኪና ዕቃ ነው። ይህ ድርብ ሥራ የሚያወጣውን ገንዘብ የሚከፍለው በመጨረሻ ገዢው ነበር። ኩባንያው በ2018 እዚያው ቻርለስተን አጠገብ 500 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ ሙሉ ፋብሪካ ሲከፍት ገበያው ተለውጦ ነበር፦ አማዞን ብቻውን ጥቅል ለሚያደርሱለት ተቋራጮች 20,000 ስፕሪንተር አዟል።

ፎርድ የሄደበት መንገድ ግን የባሰ ነው። በ2009 ቱርክ ኮጃኤሊ ውስጥ የሚሠራውን ትንሹን ትራንዚት ኮኔክት ወደ ባልቲሞር ወደብ ማስገባት ጀመረ። ቫኖቹ ሁሉ የኋላ መቀመጫና መስኮት ነበራቸው፤ ስለዚህ ቀረጣቸው 2.5 በመቶ ነበር። ጉምሩክን ካለፉ በኋላ ሠራተኞች የጭነት ቫን ሊሆኑ የታዘዙትን ለይተው መቀመጫቸውን ይነቅላሉ፣ የኋላ መስታወቱን በላሜራ ይተካሉ። የተነቀለው አዲስ መቀመጫ ተፈጭቶ ይወገዳል። ማንም ተቀምጦበት የማያውቅ መቀመጫ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሊፈጭ ይመጣል።

ጉምሩክ በ2013 ይህ የጭነት መኪና ነው ሲል ወሰነ። ፎርድ ከሰሰና በ2017 በንግድ ፍርድ ቤት ረታ፤ በ2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገለበጠው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ። በ2024 ፎርድ፣ ጥፋተኛነት ሳይወሰንበት፣ 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የአሜሪካን ሠራተኛ ከጀርመን ቫን ለመጠበቅ የወጣ ቀረጥ በመጨረሻ ከባድ ቅጣቱን ያሳረፈው በአሜሪካው ፎርድ ላይ መሆኑ ነው።

ቀረጡ ሠርቷል የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ቫኖች ሦስቱ በትውልዳቸው አውሮፓዊ ናቸው። ትራንዚት ከ2014 ጀምሮ ካንሳስ ሲቲ አጠገብ ይሠራል፤ ስፕሪንተር ሳውዝ ካሮላይና ነው፤ ራም ፕሮማስተር የተባለው ፊያት ዱካቶ ደግሞ ሜክሲኮ፣ ሳልቲዮ ውስጥ ይሠራና በሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነት ይገባል። ንድፉ ባሕር ተሻገረ፣ ሥራው ግን እዚህ ሆነ ይላሉ። ሃምሳ ዓመት መፍጀቱን ግን አያነሱም።

ከዚህ በላይ ደግሞ ፋብሪካ የሚተከለው ብዙ ለሚሸጥ መኪና ብቻ ነው። ትልቁ ቫን አማዞንን የመሰለ ገዢ አለው፤ ትንሹ ቫን ገዢው አንድ መኪና ያለው ባለሱቅ ነው። ለእሱ ማንም ፋብሪካ አይተክልም፣ ከውጭ እንዳይመጣ ደግሞ 25 በመቶ ተጭኖበታል። ከቱርክ ይመጣ የነበረው ፕሮማስተር ሲቲ፣ ማለትም ዶብሎ፣ በ2022 ተቋረጠ። ትራንዚት ኮኔክትና የመርሰዲሱ ሜትሪስ በ2023 ተከተሉት። አዲስ አበባን የሞላው የቶዮታ ሃይስም አሜሪካ ውስጥ አይሸጥም፤ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሀበሻ አባዱላ የናፈቀው እንደሆነ አገሩ ሲመለስ ያገኘዋል።

በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪንና በብራንዲ ላይ የነበረው አጸፋ ከተነሣ ቆይቷል። በ2025 ዋሽንግተንና ብራስልስ በመኪና ቀረጥ ላይ ሲስማሙ ለሰው መኪና 15 በመቶ ተወሰነ፤ ቀድሞም ከዚያ በላይ የሚከፍለው ባለበት እንዲቆይ ተደረገ። ስለዚህ የጭነት ቫኑ እዚያው 25 በመቶ ላይ ነው። ቮልስዋገን በ2024 መጨረሻ የድሮውን ሚኒባስ የሚያስታውሰውን ኤሌክትሪክ ቫኑን አይዲ ባዝን አሜሪካ ሲያመጣ የላከው ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያለውን ብቻ ነው። የጭነቱ ዓይነት ሃኖቨር ይሠራል፣ አውሮፓም ይሸጣል።