አምስት ብቻ ናቸው ያለው ማን ነው?

ሕፃናትን የምታስተምሩ ወጣቶች ሆይ፣ «የስሜት ሕዋሳት ስንት ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አምስት!» ይሏችኋል። ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ቆዳ። ይህን ቁጥር ያጸናው የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት «ስለ ነፍስ» በተባለው ድርሰቱ ከአምስቱ ሌላ የለም ብሎ ደመደመ። ትምህርቱም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲወርድ ሲዋረድ እኛ ዘንድ ደረሰ።

እስቲ ዐይናችሁን ጨፍኑና በጣታችሁ የአፍንጫችሁን ጫፍ ንኩ። ጣታችሁ መንገዱን እንዴት አገኘ? አላያችሁት፣ አልሰማችሁት! እ.ኤ.አ. በ1826 የስኮትላንድ ተወላጁ ሐኪም ቻርልስ ቤል ጡንቻዎቻችን ያሉበትን ሁኔታ ለአንጎል የሚያሳውቁ ነርቮች እንዳሉ አስረዳ።

በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ፒየር ፍሉራንስ የርግቦችን ውስጠኛ ጆሮ ይመረምር ነበር። እዚያ ያሉትን ቀጫጭን ግማሽ ክብ ቦዮች ሲቆርጣቸው ርግቦቹ መስማት አላቆሙም፤ ነገር ግን ሚዛናቸውን ስተው ይሽከረከሩ ጀመር። ለካ ጆሮ ከመስማት ሌላ ሥራ ነበረው!

በ1882 ደግሞ አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች አጠና። ብዙዎቹ ቢሽከረከሩም አይዞርባቸውም ነበር። ውሃ ውስጥ ሲጠልቁ ላይና ታቹ የሚጠፋባቸውም ተገኙ። መስማትን የነሣቸው በሽታ ጎረቤቱን የሚዛን ክፍልም ጎድቶት ነበርና።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይምሰላችሁ። በአገራችን የታወቀው ማጅራት ገትር መስማትንና ሚዛንን አብሮ ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ በክፍላችሁ መስማት የተሳነው ልጅ ቢኖርና በጨለማ ቢደናቀፍ፣ «ቀልብ የለህም» ብላችሁ አትቆጡት። ሚዛኑን የሚጠብቀው በአብዛኛው በዐይኑ ሊሆን ይችላል። መብራት አብሩለት፤ እጁን ያዙት። ወደ ሐይቅ ዳር ስትወጡም ብቻውን ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ጠብቁት። አምስት ብቻ የቆጠረ አስተማሪ ይህን አደጋ አያየውም።

ስለዚህ አምስቱን አስተምሩ፤ እዚያ ግን አትቁሙ። ልጆቹ ዐይናቸውን ጨፍነው በአንድ እግር ይቁሙ፤ ከዚያም «እንዳትወድቁ የረዳችሁ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው።