ከክልከላው የተረፈው ሻርዶኔ

ተማሪዎቼን ስለ አሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ሳስተምር ሁሌ የሚጠይቁኝ ስለ አል ካፖን ነው። እኔ ግን የዌንቲን ቤተሰብ አስቀድማለሁ። ካርል ዌንቲ ከጀርመን የሄደ ስደተኛ ነው፤ በ1883 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ሊቨርሞር ላይ ወይን ማምረት ጀመረ። ልጁ ኧርነስት በ1912 ከሞንፔሊዬ፣ ፈረንሳይ የሻርዶኔ ችግኝ አስመጣ። ስምንት ዓመት ሳይሞላው ወይን ጠጅ መሸጥ በሕግ ተከለከለ! ቤት ውስጥ ለሚጠምቁ ሰዎች ፍሬውን በባቡር መላክ ግን ይቻል ነበርና፣ ብዙው ገበሬ ልጣጩ ስስ የሆነውን ነጩን ወይን ነቅሎ መንገድ የሚችለውን ወፍራሙን ተከለ። ዌንቲዎች አልነቀሉም። ሕጉ የቅዳሴ ወይን ስለሚፈቅድ በእሱ ቆዩ። ክልከላው በ1933 ተነሳ፤ በ1936 «ሻርዶኔ» የሚል ስም የተጻፈበትን የአሜሪካ የመጀመሪያ ጠርሙስ አወጡ። ዛሬ በኦክ በርሜል ቆይቶ ቫኒላ ቫኒላ የሚለው የካሊፎርኒያ ሻርዶኔ፣ ግንዱ ሲቆጠር በአብዛኛው ከዚያው ማሳ ይደርሳል።