ሐሰተኛ የደዋይ ቁጥርና የኢትዮጵያ ሕግ፦ ከቱም ሲታይ

ከቤሩት የደወለች ልጅ ጥሪ በማጂ ወረዳ፣ ቱም ላለች እናቷ በማይታወቅ የ09 ቁጥር ይደርሳል። ድምፁ የልጅቷ ነው፣ ቁጥሩ ግን አይደለም። ጥሪው በኢንተርኔት አገር ውስጥ ገብቶ፣ ብዙ ሲም ካርድ በተሰካበት «ሲም ቦክስ» አልፎ የአገር ውስጥ ጥሪ መስሎ ነው የመጣው። ዓላማው የዓለም አቀፍ ጥሪ ክፍያን ማምለጥ ነው። እናትየው ምንም አልጎደለባትም፤ የጎደለበት ቴሌ ነው።

የሕጋችን አተያይ የተቀረጸው በዚህ ወገን ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በመግቢያው ድርጊቱን ከኢኮኖሚ ጉዳት ያለፈ የብሔራዊ ደኅንነት ስጋት ይለዋል። ሲም ካርድ ወይም የደንበኛ መለያ ቁጥር ያባዛ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በአንጻሩ ያልሆነውን ነኝ ብሎ ሰውን ያሳሳተና መብቱን የሚጎዳ ድርጊት ያስፈጸመ፣ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 መሠረት ቅጣቱ ከ5 ዓመት አይበልጥም። ቴሌን ያጭበረበረ ገበሬን ካጭበረበረ እጥፍና ከዚያ በላይ ይታሰራል ማለት ነው።

የቅጣቱ መጠን ይቅርና፣ ድርጊቱ ራሱ በስሙ አልተጠራም። የደዋይን ቁጥር አስመስሎ ማሳየት ሲም ማባዛት አይደለም። የስልክ ኔትወርኮች የሚነጋገሩበት ሥርዓት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲነደፍ ኦፕሬተሮች እርስ በርስ ይተማመኑ ስለነበር፣ ተቀባዩ ኔትወርክ ከላኪው የተነገረውን ቁጥር ሳያጣራ ያሳያል። አጭበርባሪው የሚሞላው ይህን ባዶ ቦታ ነው። በአጭር መልእክት ደግሞ ይብሳል፦ የላኪው ስም ከባንኩ ስም ጋር አንድ ከሆነ፣ ስልኩ ሐሰተኛውን መልእክት ከትክክለኞቹ የሒሳብ ማሳወቂያዎች ሥር ይደረድረዋል። ተጠቃሚው ምን ቢጠነቀቅ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የቱን ይጠርጥር?

«ማባዛት» የሚለውን ቃል ለጥጠን ይህንንም እናስገባበት እንዳንል፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። የአዋጅ 958 አንቀጽ 11 የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መረጃ ያለ ፈቃድ መያዝን ይቀጣል፤ ግን አነጋገሩ እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ ቃል በቃል ከተወሰደ የጎረቤቱን ቁጥር ሳያስፈቅድ የመዘገበን ሁሉ ሊነካ ይችላል። እንዲህ ያለ ድንጋጌ ለዐቃቤ ሕግ አስተማማኝ መሣሪያ አይሆንም።

አሜሪካ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀችው ሕግ ጠባብና ግልጽ ነው፦ ለማታለል፣ ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ የተሳሳተ የደዋይ ቁጥር ማሳየት የተከለከለ ነው። ቁጥርን መደበቅ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ሐሳቡ ነው የሚታየው። ሆኖም ክልከላው ብቻውን ስላልበቃ፣ ከሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትልልቅ ኦፕሬተሮች በኢንተርኔት ፕሮቶኮል ለሚያልፉ ጥሪዎች የቁጥሩን ትክክለኛነት በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ ተገድደዋል።

ለቱም ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል፤ በእሸት ቡና መሰብሰቢያ ወራት አንድ የሚስጥር ቁጥር የሰብሳቢውን የወቅት ገንዘብ ያወጣል። የኮምፒውተር ወንጀል የመጀመሪያ ደረጃ ዳኝነት ግን የተሰጠው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ጥቂት ሺህ ብር የተወሰደበት ሰው ከማጂ ወረዳ ተነሥቶ ይህን ዳኝነት እንዲከታተል መጠበቅ ከንቱ ነው። የወረዳው ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692፣ ማለትም በአታላይነት፣ መክሰስን ቢመርጥ አያስወቅሰውም። ያኔ ግን ክሱ የሚያተኩረው በተወሰደው ገንዘብ ላይ ነው፤ ሐሰተኛው ቁጥር በየትኛው በር እንደገባ የሚጠየቅ የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከቅጣት ይልቅ ከበሩ ላይ መሆን አለበት። ከውጭ አገር መስመር እየገባ የኢትዮጵያን ቁጥር የሚያሳይ ጥሪ፣ ደንበኛው በእርግጥ ውጭ አገር ሆኖ ስልኩን እየተጠቀመ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር እንዲታገድ የአገሪቱ ሁለቱም ኦፕሬተሮች ሊገደዱ ይገባል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የስልክ ቁጥሮችን የማስተዳደር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተሰጥቶታል፤ ይህን ለማዘዝ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም።